የአቶ ኡስማን ድምፅ፤ አምስት ቀን በከሚሴና በባቲ

ከሚሴን የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ወደ ደሴ በሄድኩ ቁጥር ሹፌሩ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ባጃጆች ግራ ቀኙን ይሞሉታል፣ ሙዝና ፓፓያ የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ከተማዋ ከኋላችን ትቀራለች። እዚያ ወርጄ አምስት ቀን እቀመጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ የምጽፈውም እንደኔ በመስኮት ብቻ ለሚያውቋት፣ ወይም ከነጭራሹ በዚያ መንገድ ለማያልፉ ሰዎች ነው።

ለምን እንደሄድኩ ላስቀድም። የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሥራዬ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነው። በስልክና በኮምፒውተር የሚመጣ አዲስ ማታለያ ሲታወቅ፣ በተለይ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰው ድምፅና መልክ እየተቀዳ የሚሠራው ሲበዛ፣ "እንዲህ ያለ ነገር መጥቷል፣ ተጠንቀቁ" የሚል ጽሑፍ አዘጋጅተን ለየክልሉና ለየዞኑ እንልካለን። እነሱም የደረሰባቸውን እንዲነግሩን ቅጽ እናያይዛለን፤ አንዱ ጋ የደረሰው ለሌላው ትምህርት እንዲሆን። ችግሩ ቅጹ አይመለስም። ከየትም አይመለስም። ስለዚህ አለቆቻችን አንዳንዶቻችንን በየቦታው ልከው ምክንያቱን እንድንጠይቅ፣ እግረ መንገዳችንንም ሥልጠና እንድንሰጥ ወሰኑ። ለእኔ የደረሰኝ ከሚሴ ነበር። የሄድኩበትን መምሪያ ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ዓርብ

ከላምበረት መናኸሪያ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። የጥቅምት ብርድ ስለነበር ወፍራም የሱፍ ኮትና ጉርድ ለብሻለሁ፤ ቀለል ያለው ልብሴ በሻንጣ ሆኖ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጭኗል። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ ገና ሳንወጣ ለሦስት ሰው ደውላ "መንገዱ ሰላም ነው?" ብላ ጠየቀች። ሦስቱም ሰላም ነው ካሏት በኋላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቆሎ አወጣች። እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ። እኔ፣ ሰው ሲደውል ማን እንደሆነ ማጣራትን የማስተምር ሴት፣ አንድን ነገር ከሦስት ሰው ጠይቆ ማረጋገጥን ከእሷ ቀድሜ አላሰብኩትም።

ደብረ ብርሃን ላይ ኮቴን አመሰገንኩት። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ኮቱ እንደ ብርድ ልብስ ከበደኝ። ኬላ ላይ እየወረድን መታወቂያ አሳየን፤ አጣየንና ሰንበቴን አለፍን። ከሚሴ ስንገባ ከሰዓት ሆኗል፤ ሙቀቱ ፊቴ ላይ እንደ ምድጃ አፍ ተከፈተ።

ረዳቱ ከጣሪያ ያወረደልኝ ሻንጣ መልኩም መጠኑም የእኔ ነው፤ ቁልፉ ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ሻንጣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሌላ ሰው ጋር ወርዷል። ረዳቱ እየደጋገመ ይቅርታ ጠየቀኝና ስልክ መደወል ጀመረ። እኔ በዚያ ፀሐይ የሱፍ ልብስ ለብሼ፣ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

ሊቀበለኝ የመጣው ጀማል ይባላል። በመምሪያው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው። የሆነውን ስነግረው አልሳቀም። አልጋ ወደ ያዘልኝ ሆቴል ወሰደኝና ለሚስቱ ደወለ። ሚስቱ ዙበይዳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በባጃጅ ደረሰች፤ በፌስታል ድሪያ የሚሉትን ስስና ሰፊ ቀሚስ ሁለት፣ አንድ ሻሽና ነጠላ ጫማ ይዛለች። ከዚያች ሰዓት በፊት ተያይተን አናውቅም። ድሪያውን ትከሻዬ ላይ ለክታ "ይኸኛው ይበቃሻል፣ እኔ ወፍሬ ሳለሁ ያሰፋሁት ነው" አለችኝ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከበላዬ የምትኖረውን ሴት ስሟን አላውቅም።

እራት እነሱ ቤት ነበር፤ የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ። የማሽላ እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ያጠግባል፤ ዙበይዳ ግን ይህን ሰምታ የምትተው ሴት አይደለችም። በመሀል ጀማልን የመጣሁበትን ጥያቄ ጠየቅሁት። ለምንድን ነው የማትመልሱልን?

ጀማል እጁን ታጠበና እንዲህ አለኝ፦ "የመጀመሪያውን ደብዳቤያችሁን ከፍተን አነበብነው። የማታውቁት ሰው የላከላችሁን ፋይል አትክፈቱ ይላል። ከዚያ በኋላ የላካችኋቸው ሁሉ ፋይል ናቸው፤ እናንተን ደግሞ አናውቃችሁም። ታዘዝናችሁ።"

ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጥሩ ቃላት የሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደ ሱፍ ጉርዴ ያለቦታው የመጣ መስሎ ተሰማኝ።

ቅዳሜ

ሥልጠናው የተዘጋጀው በመምሪያው አዳራሽ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞች መጡ፤ ከየቢሮው፣ ከቅርብ ቀበሌዎችም። በብዙ ድካም ያዘጋጀሁትን ስላይድ ልከፍት ስል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን ሊያስነሡ ሞከሩ፣ አልተነሣም። ጀማል መስኮቶቹን ከፈተና "በቃ፣ በአፍ እንነጋገር" አለኝ።

አሁን ሳስበው መብራት መሄዱ ጠቀመኝ። ስላይዱ ላይ የነበሩት ቃላት በአፍ ሊነገሩ የሚችሉ አልነበሩም። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ጀማል አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ ያስረዳል፤ ሰዎቹም እንደዚያው እያቀላቀሉ ይጠይቃሉ። ስልኬ ላይ አንድ ናሙና ነበረኝ፤ የገዛ ድምፄን ለማሽን ሰጥተን ያልተናገርኩትን እንዲናገር ያደረግነው። ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። "እኔ ይህን አላልኩም" አልኳቸው። ጀማል በኦሮምኛ "ሰገሌን ከን ኢሳቲ፣ ነምኒ ኢሳ ሚቲ" አለ። ድምፁ የእሱ ነው፣ ሰውዬው ግን እሱ አይደለም ማለት ነው። እኔ በሁለት ገጽ የጻፍኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

በዚያች ቅጽበት ከፊት ወንበር የተቀመጠች ሰማያዊ ሒጃብ የለበሰች ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወጣች። አልተመለሰችም። ሰልችቷት ነው ብዬ አሰብኩ። ዘይነብ እንደምትባልና የመምሪያው ኃላፊ ጸሐፊ እንደሆነች ጀማል በኋላ ነገረኝ። ኃላፊው አቶ ኡስማን ደሴ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አድርገው ተኝተው ነበር።

በመጨረሻ ቅጹን አደልኳቸው። "ደርሶብናል" ያለ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ባዶውን መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ንጹሕ ቦታ ነው ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ማታ ረዳቱ ደውሎ ሻንጣዬ መገኘቱን፣ ሸዋ ሮቢት ትኬት ቤት እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። ጥሩ ቀን ነበር ብዬ ተኛሁ።

እሑድ

እሑድ ሥራ ስላልነበረ ዙበይዳ እኔንም ጀማልንም ወደ አባቷ እርሻ ይዛን ሄደች። እርሻው ያለበት ጨፋ ከከተማው ብዙም አይርቅም። ሸለቆው ሰፊ ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፣ ከብቱ በቦርከና ወንዝ ዳር ተሰማርቷል። የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለ ሜዳ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ቤት ቢሠራበት ነው፤ እኔም አሰብኩት፣ አፈርኩም። የዙበይዳ አባት የማሽላ እሸት በፍም ላይ ጠብሰው በእጃቸው ፈልፍለው አቀረቡልን፤ ከላዩ ወተት ጠጣን። እጄ ጠቁሮ ጣቴን ስልስ ሽማግሌው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብለው ሳቁ። ዙበይዳ "ከእንግዲህ የኛ ናት ነው የሚሉት" አለችኝ።

ከቀትር በኋላ ከዋናው መንገድ በእግሯ እየመጣች ያለች ሴት አየን። ዘይነብ ነበረች። ዙበይዳን በስልክ ጠይቃ የት እንዳለን አውቃ ነው። ሰላምታው ረዥም ነው፤ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ይቀጥላል፣ ስለ ጤና፣ ስለ እናት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፤ ለእያንዳንዱም "አልሐምዱሊላህ" ይባላል። ሲያልቅ ጥላው ሥር ተቀመጠችና ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ነገረችን።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አቶ ኡስማን ቀዶ ሕክምና አድርገው ደሴ ተኝተው ስልካቸው ተዘግቷል። ከማታውቀው ቁጥር፣ የእሳቸው ፎቶ ያለበት የድምፅ መልእክት ደረሳት። ስልኬ ተበላሽቶ በሰው ስልክ ነው፣ አሁን በቢሮው ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይገባልሻል፣ ፈጥነሽ ላኪልኝ ይላል። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ ጉሮሮ አጠራረጉ እንኳ የእሳቸው ነው። ቁጥሩን ላከችው። ያ ቁጥር የመምሪያው ሠራተኞች ሁሉ የሚገናኙበት ግሩፕ ቁልፍ ነበር። ወዲያው እሷ ከግሩፑ ተባረረች፤ ሌላ ሰው ገባበት። ከዚያ በአቶ ኡስማን ድምፅ የመስክ ሠራተኞችን አንድ በአንድ፣ እነሱም በየስልካቸው የሚገባውን ቁጥር እንዲልኩ ይጠይቅ ጀመር። የላኩትም የየራሳቸው መልእክት መላላኪያ ተወሰደባቸው።

"አንድ ነገር ከብዶኝ ነበር" አለች። "አቶ ኡስማን እናቴን ሳይጠይቁ፣ ልጆቼን ሳይጠይቁ የሥራ ነገር አንሥተው አያውቁም። ያን ቀን አንዱንም አልጠየቁም። ግን ታመው ነው፣ ቁስሉ ጠዝጥዟቸው ነው አልሁ። አዘንሁላቸው። አዝኜ ነው የላክሁት።"

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ደጋግማ ለራሷ የተናገረችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

ጀማል ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። ዘይነብ መሬቱን እያየች፣ ዓምና አንድ የሥራ ባልደረባቸው የይለፍ ቃሉ ሲሰረቅ ጀማል በሰው ፊት ምን እንዳለው አስታወሰችው። "እኔም ከሥራ እወጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ትናንት ግን ያን ድምፅ ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ።"

ጀማል ወደ እሷ ዞረ። "እውነትሽን ነው" አላት። "አፉ በይኝ።" ወሎዎች ይቅርታ ሲጠይቁ እንዲህ ነው የሚሉት።

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቅጹ አለ። የመጀመሪያው መስመር "የጥፋተኛው ስምና የሥራ መደብ" ይላል። ሁሉም ለምን ባዶውን እንደመለሱልኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ ንገሩን እያልን የምንልከው ወረቀት የሚጀምረው በክስ ነበር።

ስልካቸው ተከፍቶ ስለነበር ወዲያው ለአቶ ኡስማን ተደወለ፤ እንዲህ ያለ መልእክት ልከው እንደማያውቁ ነገሩን። ዘይነብ የቢሮውን ሲም ካርድ ይዛ መጥታ ስለነበር ጀማል እዚያው ጥላ ሥር ሆኖ ግሩፑን አስመለሰ፤ ለፖሊስም አመለከተ። ከዚያ ሠራተኞቹን ለማስጠንቀቅ መደወል ጀመረ። መጀመሪያ ያገኘው ከቅዳሜ ሠልጣኞች አንዱን ነበር። ሰውዬው አዳመጠውና "ጀማል መሆንህን በምን አውቃለሁ? ድምፅ አትመኑ ያልኸን አንተ ነህ" ብሎ ዘጋበት። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቅን። ግን እውነት ነው፤ በስልክ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ራሱ ማታለያ ይመስላል።

በማግስቱ ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ። በዚያ በኩል ያሉት የመስክ ሠራተኞች ሰኞ ሰኞ ከገበያው አይጠፉም። ዘይነብ ተነሣችና ልብሷን አራገፈች። "እኔ ሄጄ በአፌ እነግራቸዋለሁ" አለች።

ሰኞ

ጀማል፣ ዘይነብና እኔ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን በሐርቡ በኩል ኮምቦልቻ ደረስን፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይዘን ወደ ባቲ ወረድን። ከቁልቁለቱ በፊት፣ ዳገቱ ላይ፣ የመኪናው ሞተር ፈልቶ ቆመ። ሹፌሩ ውኃ ፍለጋ ሲሄድ እኛ መንገድ ዳር ካለች ቤት ጥላ ሥር ተቀመጥን። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆንን ሳትጠይቅ ምንጣፍ አወጣችልን፤ ብርቱካን ልጣ ሰጠችን። ሹፌሩ ለራዲያተሩ ያጣውን ውኃም የሰጠችው እሷ ናት። ምስጋናዬን በአማርኛ ጀምሬ ከጀማል የተማርኳትን "ገላቶሚ" ጨመርኩባት፤ ሳቀችና ያልገባኝን ብዙ ነገር መለሰችልኝ።

ባቲ ከከሚሴም ይሞቃል። ገበያው ሜዳው ሙሉ ነው፤ ከታች ግመልና ፍየል የነዱ አፋሮች፣ ከላይ እህልና ቅቤ ያወረዱ ደገኞች። መርካቶን ለሚያውቅ የሚገርመው ብዛቱ አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ ሰው እየገፋህ ያልፋል፣ እዚህ ሰው ሳይጠይቅህ አያልፍም። ሃያ እርምጃ ለመሄድ ጀማል ስድስት ሰው ሰላም አለ። እኔ በሰዓቴ ላይ ዓይኔን ተክዬ ተጨነቅሁ፤ ኋላ ግን የምንፈልጋቸውን ሰዎች ያገኘነው በእነዚያ ሰላምታዎች ነው። አንዱ ሌላውን የት እንዳየው ይነግረናል።

መጀመሪያ ያገኘነው አያ ሙሔን ነው። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታ የተቃረቡ፣ ጢማቸው በሒና የቀላ ሰው። ከብት ተራው ውስጥ የአንድ ግመል ጆሮ እያዩ ነበር። ዘይነብ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ እኔ ነኝ ያሳሳትሁ አለች። አያ ሙሔ የግመሉን ገመድ ለባለቤቱ መለሱና ቆመው ቀሩ።

ለእሳቸውም መልእክቱ ደርሷቸው ነበር። ቁጥሩን አልላኩም። "ድምፁ የኡስማን ነው፣ አልካድሁም" አሉ። "ግን ኡስማን ከእኔ ጋር ሲሆን በኦሮምኛ ይጀምራል፤ የቤተሰቡን፣ የግመሌን ሳይጠይቅ ወደ ነገሩ አይገባም። ይኼኛው በደረቅ አማርኛ አዘዘኝ። ተቀየመኝ አልሁ። ምን አጠፋሁበት እያልሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ነው የከረምሁ። ታሞ እንኳ ልጠይቀው አልሄድሁም።"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "አልተቀየመኝማ" አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው።

እኔ ከአዲስ አበባ ድረስ ይዤው የመጣሁት እውቀት በእኚህ ሰው ጆሮ ውስጥ ነበር። ማሽኑ ድምፁን ቀድቷል፤ በሁለት ሰዎች መካከል ሃያ ዓመት የኖረውን አነጋገር ግን አልቀዳም። አያ ሙሔ ግን ለማንም አልነገሩም፤ ማታለያ ሳይሆን ቅያሜ መስሏቸው ነበርና። ዘይነብ ፈርታ ዝም አለች፣ እሳቸው አዝነው ዝም አሉ፤ ሌባው የኖረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሁለተኛዋ የመስክ ሠራተኛዋ ሐዋ ነበረች፤ እሷ ቁጥሩን ልካለች። እሷን ያገኘናት ገበያው ዳር ብቻዋን ቆማ ነው። ከታላቅ እህቷ ከሰዓዳ ጋር ከተኳረፉ ሰንብተዋል። ሌባው የሐዋን መልእክት መላላኪያ ከያዘ በኋላ የቆዩ የድምፅ መልእክቶቿን አግኝቶ ድምፅዋን ቀድቷል፤ በእሷም ድምፅ ታምሜ ሆስፒታል ነኝ ብሎ ሰዓዳን ብር አስላከ። ሐዋ እንዳልታመመች ስትናገር ሰዓዳ አላመነቻትም። ካደችኝ አለች።

ሰዓዳ ቅቤ ተራ ነች። አብረን ሄድን። እህቷን ስታይ ፊቷን አዞረች። ዘይነብ ከፊቷ ቁጢጥ አለችና ነገሩን አስረዳቻት። ሰዓዳ መጀመሪያ አልሰማ አለች። "በጆሮዬ ሰምቻታለሁ" አለች። "አብራኝ ያደገች እህቴ ናት። ድምፅዋን አጥቼው ነው?"

ስልኬን አውጥቼ ያን የራሴን ናሙና ከፈትኩላት። ከአፌ ያልወጣውን ድምፄን ከስልኩ ሰማች፤ እኔን አየች፣ ስልኩን አየች። እንደገና ክፈቺው አለችኝ። ከፈትኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ግን ሳትሰማ እጇን ወደ እህቷ ዘረጋች። ሐዋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰዓዳ የእህቷን ሻሽ አስተካከለችላትና ወደ ገዢዎቿ ዞረች። ብሩ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተገኘም። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ነው።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሁሉንም ባይሆን አብዛኞቹን አገኘን። ዘይነብ ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት አድርጋ ነገረች፤ ጥፋቷን አላሳነሰችም፣ አላበዛችም። ከሰሟት ውስጥ የተቆጣት አንድም ሰው አላየሁም። አንዱ እንዲያውም "እኔም ልኬ ነበር፣ ማንን ልንገር ብዬ ነው" አላት። አያ ሙሔ ስንለያይ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ መንገዳችንን፣ የአቶ ኡስማንን ቁስል፣ የዘይነብን ልጆች፣ የእኔንም ሥራ። ሁላችንም አሚን አልን። ሥራዬን ሰው ሲመርቅልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ

አቶ ኡስማን ከሆስፒታል የወጡት ሰኞ ነበር፤ ቤት ይቀመጡ ቢባሉም ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ መጡ። ከስተዋል፤ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነው ደረጃውን የወጡት። ዘይነብ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰላምታቸውን አልሰማሁትም፤ በኦሮምኛና በለሆሳስ ነበር። ረዥም እንደነበረ ግን አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ቢሯቸው ገብተው ሁላችንንም አስቀመጡንና ቅጹን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

የሆነውን በሙሉ ጽፌበት ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር ብቻ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ስም አልጽፍም አልኳቸው።

"መሥሪያ ቤትሽ ባዶ ቢያየው ይመልሰዋል" አሉኝ። "የመንግሥት ቅጽ አውቃለሁ። ኡስማን ብለሽ ጻፊ።"

ዘይነብ ተነሥታ አይሆንም አለች። እሳቸው በእጃቸው አስቀመጧት። "ድምፁ የእኔ ነው" አሉ፤ "በየስብሰባው የተናገርኩት ሁሉ በየማኅበራዊ ሚዲያው ገጽ ተለጥፎ ሌባው የተማረው ከዚያ ነው፤ ስልኬን ዘግቼ ለማን እንደምትደውል ሳልነግራት የሄድኩትም እኔ ነኝ።" እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ስማቸውንና የሥራ መደባቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ ፈረሙበት። ዘይነብ አለቀሰች። በነዚያ ቀናት ሁሉ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰዓት አውቶቡስ ያዝኩ። ዙበይዳ ድሪያውን ልመልስላት ብል አልቀበል አለችኝ። ጀማል ወንበሬ ድረስ ገብቶ ውኃና የተጠበሰ እሸት በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሻንጣዬን ተቀበልኩ። ደብረ ሲናን ስንወጣ እንደገና በረደኝና ኮቴን ለበስኩ።

አዲስ አበባ ሪፖርቴን ሳቀርብ አለቆቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ኃላፊው ራሱ እንዴት ጥፋተኛ ሆነ ብለው ነው። አስረዳኋቸው። ብዙ ስብሰባ ፈጀ፤ ሁሉም አልተስማማም፤ በመጨረሻ ግን ያ መስመር ከቅጹ ወጣ። አሁን ቅጹ የሚጀምረው "ምን ሆነ?" ብሎ ነው፤ ስም አይጠይቅም። ማስጠንቀቂያውም በፋይል ብቻ አይሄድም። አጭር ሆኖ በአማርኛና በኦሮምኛ በወረቀት ይታተማል፤ በገበያ ቀን ለሰዉ ጮክ ብለው የሚያነቡት ሰዎች አሉ። ኦሮምኛውን የሚያርመው ጀማል ነው። ዘይነብ በሥራዋ ላይ ናት፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የመጀመሪያውን ቀን ምክር የምትሰጠው እሷ እንደሆነች ጀማል ጽፎልኛል። ለእነሱ ያለኝን ምስጋና እንዴት እንደምከፍል አላውቅም፤ ይህን ጽሑፍ እንደ ጅማሬ ይቁጠሩልኝ።

አዲሱ ቅጽ በወጣ በሳምንቱ ከአንድ ዞን ወይም ከአንድ ወረዳ መልስ ይመጣል ብዬ በር በሩን ሳይ፣ የገዛ መሥሪያ ቤታችን ባልደረባ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚሠራ፣ እኔን ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው ወደ ቢሮዬ ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋ። ቅጹ በእጁ ነበር፤ አልሞላውም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና "ዓመት ሊሞላው ነው" አለኝ። "ለሚስቴም አልነገርኳትም።"